የያፌት ቦታ

እኔ የማላውቀውን ቤተሰብ ፎቶ አላነሳም። ዳላስ አካባቢ ከዩለስ እስከ ሮውሌት ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሄን ያውቃል። «ትዕግሥት መጀመሪያ ቤትሽ መጥታ ካልበላች ካሜራዋን አታወጣም» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! ስሜ ትዕግሥት ነው፤ አባቴ ምን አስቦ እንዳወጣልኝ እንጃለት እንጂ ትዕግሥት የሚባል ነገር በደጄም አልፎ አያውቅ።

ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ ቻሉኝ። ሦስት ወር ሆነው፤ እስከዛሬ አልበረደልኝም። እማማ ተዋበች ልጃቸው በሞተ በአምስተኛው ቀን፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ስቀው ፎቶ ተነሥተዋል። በዚያ ግቢ ከቆመው ትልቅ ሰው መሐል መሞቱን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያነሳኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን እስካን ሳደርግ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ አነሳለሁ። ሌላው ፎቶ አንሺ ሰውን ፓርክ ቀጥሮ፣ ሃያ ደቂቃ «እዚህ ቁሙ፣ ወዲህ እዩ፣ ሳቁ» ብሎ ይሸኛል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን «ተቃቀፉ እንጂ፣ ምን ያስፈራችኋል!» ያልኳቸው ባልና ሚስት ለካስ ከተፋቱ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ለልጃቸው ምረቃ ሲሉ ነው አብረው የቆሙት። ሴትየዋ ያየችኝን አስተያየት እንዴት እረሳዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሳልሄድ ማንንም አላነሳም። ካሜራዬን መኪና ውስጥ ትቼ እገባለሁ። የሰጡኝን እበላለሁ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ በር ሲንኳኳ ማን እንደሚነሳ፣ ማን ሲያወራ ማን ዝም እንደሚል አያለሁ። ከዚያ በኋላ ካሜራው ይወጣል።

ፀደንያ የደወለችልኝ ኤፕሪል ውስጥ ነው። ነርስ ናት፤ ከባሏ ከጳውሎስና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሮውሌት፣ ሐይቁ አጠገብ ትኖራለች። እናቷ እማማ ተዋበች እሷ ጋ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ስለሆነ የቤተሰብ ፎቶ ተነሥተን፣ ትልቅ አድርገን ሳሎን እንሰቅላለን አለችኝ። ለሜይ መጨረሻ ተቀጣጠርን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው እማማ ተዋበች ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር የማያልፋቸው ሴት። ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ፣ «ምነው እንዲህ ከሳሽ? የሚያበላሽ ሰው የለሽም?» አሉኝ። ገና ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። ፍርፍር አቀረቡ፤ በላሁ። ጨመሩ፤ በላሁ። በቃኝ ስል ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ላይ ደቀኑት።

«በቃኝ እማማ፣ እውነቴን ነው!»

«ያፌት ይሙት! አንድ ብቻ!»

ፀደንያ ከጓዳ ሆና፣ «እማዬ! ጌታ አትማሉ ብሏል እኮ!» ብላ ሳቀች። ባሏ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ሠፈር ያለው የአማርኛ ቸርች ሽማግሌ ነው፤ በዚያ ቤት መሐላ አይወደድም።

«እኔ መቼ በጌታ ማልኩ? በልጄ ነው የማልኩት!» አሉ እማማ። ጎረስኩ። በልጅ ሞት ተምሎ እምቢ አይባልም።

ያፌት የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ፣ አዳማ ነው ያለው። ፀደንያ ልጆቿን ልታስተኛ ወደ ላይ ስትወጣ ጠብቀው ወንበራቸውን አስጠጉና የሆዳቸውን አጫወቱኝ።

«ወደዚህ የሚመጣበትን ወረቀት ያስጀመርኩለት እኔ ነኝ። ጠበቃው ምን አለኝ መሰለሽ? ልጁ ካገባ ሁሉም ነገር ይበላሻል አለኝ። እሱ ደግሞ ቀለበት ያሰረላት ልጅ አለች። ጸጋ ትባላለች፤ አስተማሪ ናት፤ እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ። ‹ቆይ ልጄ፣ አታግባ፣ መጀመሪያ አንተ ግባና ከዚያ ታመጣታለህ› አልኩት። አራት ዓመት ሙሉ ‹እሺ እማዬ› ይለኛል። እሷም ‹እሺ እማማ› ትለኛለች። አንዳንዴ ሳስበው ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል።»

«ኧረ ምን ኃጢአት አለው!» አልኳቸው፤ ምን አውቄ እንደሆነ።

ከዚያ የፎቶውን ነገር አነሱ። «በቀኜ በኩል ማንም እንዳይቆም። የያፌት ቦታ ነው። ሲመጣ እዚያው ላይ ትጨምሪዋለሽ፤ ይቻላል አይደል?»

ይቻላል። እኔ ብልጧ ግን ከዚያ የበለጠ ሐሳብ መጣልኝ። «ለምን በዕለቱ በቪዲዮ አንደውልለትም? ስልኩን በቀኝዎ በኩል ይይዙታል። እሱም ቦታው ላይ ሆኖ አብሮ ይነሳል።»

ፊታቸው በራ። ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው! እኔው ራሴ ነኝ የምደውለው። ካልደወልኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ይኸው፣ መሐላ እንደዚህ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከቀጠሯችን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ማታ ፀደንያ ኮል አደረገች። «ቲጂ፣ ፎቶውን ለዚህ ቅዳሜ እናድርገው።»

«ሁለተኛ ጊዜ ቤታችሁ ሳልመጣ?»

«ኧረ በናትሽ፣ ታውቂን የለ! ማለቴ… ግዛቸው ቅዳሜ ኦፍ ነው፣ ሥራ አይገባም። ከዚያ ሎድ ይዞ ካሊፎርኒያ ይወጣል።» ግዛቸው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል።

ድምፅዋ ጎርንኗል። ምን ሆንሽ ስላት አለርጂ ነው አለች። በዚያ ወቅት ዳላስ ውስጥ አለርጂ የማይዘው ሰው ስለሌለ አመንኳት። የራሴን ደንብ ራሴ በማፍረሴ እየነደደኝ እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ አንድ ቀን ፍርፍር በልቼ ያን ቤተሰብ አወቅኩት ብዬ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እማማ ተዋበች ሰማያዊ ጥልፍ ያለው አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ፤ ዞር ዞር ብለው አሳዩኝ።

«ሙሽራ መስለዋል!» አልኳቸው።

«ሙሽራዋማ ጸጋ ናት፤ እኔ የሙሽራው እናት ነኝ።» እጄን ይዘው ወደ ውስጥ እየጎተቱኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስልኬን ግዛቸው ይሠራልሻል ብሎ ሰኞ ወሰደው፤ ይኸው ቅዳሜ ሆነ። ከሰኞ ጀምሮ የያፌትን ድምፅ አልሰማሁም። ቁጥሩ ግን እዚህ ነው።» ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «በአንቺ ስልክ ነው የምንደውለው። አልረሳሽም አይደል?»

«እንዴት እረሳለሁ!»

«ደግሞ ልጆቼን እያቸው፤ ሁሉም ዓይናቸው ቀልቷል። ይሄ የዳላስ ዛፍ ጨረሰብኝ እኮ!»

እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ዓይናቸው ፍም መስሏል። ግዛቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ውኃ ይዞ ተቀምጧል፤ አይጠጣውም። ጳውሎስ ያጠበውን ሰሃን መልሶ ያጥባል። ፀደንያ የልጇን ፀጉር ትሠራለች፣ ታፈርሳለች፣ ደግሞ ትሠራለች። የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ጠብ ነው ብዬ አሰብኩ። ባልና ሚስት ተጣልተው ይሆናል። ብርሃኑ ሳይከርር ውጪ እንውጣ ልል ስል እማማ ተዋበች ዳቦ በሰሃን ይዘው መጡ።

«ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት እማማ።»

«ያፌት ይሙት ቅመሺልኝ!»

የግዛቸው ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተሰበረ። ጳውሎስ ቧንቧውን ዘጋ። ፀደንያ ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ ግንባሯን በሩ ላይ ለጠፈች። ባለፈው ጊዜ «ጌታ አትማሉ ብሏል» ብላ የሳቀችው ሴት ዛሬ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አሉ እማማ ግራ ገብቷቸው። «ዳቦ ነው የያዝኩት፣ እባብ አይደለም!»

ዳቦውን ተቀብዬ ጎረስኩ። «ግዛቸው፣ ናማ መብራት አግዘኝ» አልኩና ክንዱን ይዤ ወደ ጋራዡ ወሰድኩት።

በሩን ዘጋሁ። «ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ለማያውቅህ ታጠን! እኔ ሰው ቤት ገብቼ ማየት ሥራዬ ነው። ያፌት ሲባል ምን ሆነህ ነው ብርጭቆ የጣልከው?»

አሥራ ስምንት ጎማ የሚነዳ ግዙፍ ሰውዬ ነው። የልጆቹ ብስክሌት ላይ ተደገፈና አፉን በመዳፉ አፍኖ አለቀሰ። ሰኞ ነው አለኝ። ከሞጆ ሲመለስ፣ አይሱዙ ነው የገጨው። ማክሰኞ ተቀበረ።

የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ። አሁን የሆነው ሁሉ ተራ በተራ ገባኝ፤ የተወሰደው ስልክ፣ አለርጂው፣ ችኮላው። ያኔ ፀደንያ ገባች፤ ወንድሟን አየች፣ እኔን አየች፣ መንገሩ ገባት።

«ሰኞ ሞቶ ዛሬ ቅዳሜ ነው!» አልኩ።

«ቀስ በዪ፣ ትሰማለች። መርዶው ነገ ሳይነጋ ነው። ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። በሥራ ቀን ሰው ኦፍ አያገኝም፤ ብቻዋን እንዴት…»

ጉድ በል አገሬ! ሞትም ሰው ኦፍ እስኪያገኝ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ! ደሜ ፈላ። «እሺ፣ መርዶው የእናንተ ነው፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ፎቶው ምንድን ነው? ልጃቸው አፈር ውስጥ ሆኖ እናቱን ቀሚስ አልብሶ ‹ሳቂልን› ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?»

«አንቺ ስለ ጭካኔ አታስተምሪኝ!» ፀደንያ እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም፤ ደረቴ ድረስ መጣች። «አባቴ ሲሞት አንድ የሳቀበት ፎቶ አጣንለት። የመታወቂያውን አሳድገን ነው ለቅሶ ላይ ያቆምነው፤ ወንጀለኛ መስሎ! እናቴን እኔ ነኝ የማውቃት። ከነገ በኋላ አትስቅም። ዳግመኛ አትስቅም፣ ትሰሚያለሽ? አንድ ሳቋን ነው የለመንኩሽ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

አልመጣም ነበር። አወቀችኝ! እኔ እነሱን ላጠና ሄጄ እነሱ እኔን አጥንተው ጨርሰዋል። ከንዴቴ የተነሳ ሳቄ መጣ። የካሜራ ማቆሚያዬን አነሳሁና፣ «እኔ እዚህ ቅሌት ውስጥ የለሁበትም፤ መሄዴ ነው» አልኩ።

«ሂጂ» አለ ግዛቸው ዓይኑን እየጠረገ። «ስትሄጂ ግን ለምን እንደሄድሽ ትጠይቃለች። እኔ አልችልም፤ አምስት ቀን ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። አንቺ የምትችይ ከሆነ ግቢና ንገሪያት።»

«እነግራቸዋለሁ!» አልኩ። ከልቤ ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በዚያች ደቂቃ ከልቤ ነበር። በጋራዡ በኩል ዞሬ ወደ ጓሮ እየነደድኩ ወጣሁ።

እማማ ተዋበች ሣሩ ላይ ወንበራቸውን አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሁለቱን ልጆች በግራቸው አቁመዋል። በቀኛቸው በኩል ሣሩን በእግራቸው አስተካክለው ባዶ ቦታ ትተዋል። ጳውሎስ ሊቆምበት ሲል፣ «ኧረ ወዲያ በል! እዚያ ሰው አለ!» ብለው አባረሩት። እኔን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ።

«መጣሽ? በይ ደውዪ ልጄ፤ እዚያ እኮ መሽቷል፣ ከሥራ ወጥቷል። ጻፊ።» ቁጥሩን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ መዝሙር ወረዱት።

ጻፍኩት። አፌን ከፈትኩ። ፀደንያና ግዛቸው ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «እማማ…» አልኩ።

«ወዬ?»

ያንን «ወዬ» ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰው እንደዚያ ተስፋ አድርጎ ሲያይሽ ምላስሽ ይታሰራል። ፈራሁ። እኔ፣ ማንንም የማልፈራው፣ ዌርሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር የምሰድበው፣ ፈራሁ። ስልኩን ወደ ራሴ መለስ አድርጌ መስመሩ እንዲዘጋ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩት። ከዚያ ፊታቸው ላይ ደወልኩ። አይሄድማ፤ በምን ይሄዳል!

«ኔትወርኩ እምቢ አለ እማማ።»

ኋላዬ ያሉት ሁለቱም ተነፈሱ። እማማ ተዋበች ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ፤ ወዲያው ደግሞ እኔን ማጽናናት ጀመሩ። «ተይው ልጄ፣ አትጨነቂ። የአዳማ ነገር እንዲህ ነው፤ አንዴ መብራት፣ አንዴ ኔትወርክ። ቦታውን ብቻ ጠብቂለት።» ከዚያ ወደዚያ ባዶ ቦታ ዞሩና፣ «አንተ አርፋጅ!» ብለው ሳቁ። «ሁሌ እንዳረፈድክ! እናትህ ዘንጣ ቁጭ ብላ!»

አነሳኋቸው። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚያምረው ፎቶ እሱ ነው፤ እጄን ይቁረጠው። እማማ ጥርሳቸው እስኪታይ ወደ ቀኛቸው ዞረው ይስቃሉ። ልጆቻቸው ወደ እኔ አፍጥጠው ፈገግ ብለዋል፤ ያን ቦታ የሚያይ ግን የለም።

መርዶው በማግስቱ ሳይነጋ ተነገረ። እኔ አራት ሰዓት ግድም ለቅሶ ደረስኩ፤ መንገዱ ሁሉ መኪና በመኪና ሆኗል። ጓዳ ድረስ ሰው ሞልቷል። እማማ ተዋበች ፍራሽ ላይ ሆነው ደረታቸውን ይደቃሉ። ያፌትን አልነበረም የሚጣሩት። «ትናንት አስቃችሁኝ! ትናንት ቀሚስ አልብሳችሁኝ!» ነበር የሚሉት፤ እሱን ብቻ፣ ደጋግመው። አጠገባቸው ያሉት የቸርች እናቶች ትርጉሙ ስላልገባቸው «ጌታ ያጽናሽ» ይላሉ። በር ሥር ለአፍታ ተቀምጬ ወጣሁ፤ መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ ሠፈሩን ሁለቴ ዞርኩ።

ፀደንያ በሳምንቱ ቴክስት አደረገች። «ፎቶውን ስትጨርሺ ላኪልኝ» አለች። አልላክሁም። ደግማ ጻፈች፤ ዝም አልኩ። ኮል አደረገች፣ «ሥራሽን ሠርተሽ ዞር በዪ፣ ምን ታካብጃለሽ» አለችኝ። እኔም አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኳት፤ እዚህ የማይጻፍ ነው። ሁለታችንም እየጮኽን ዘጋን። አንዷም ስለ እማማ ብላ የጮኸች አይመስለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የእማማ ተዋበች ቁጥር ነው፤ ስልካቸው ከጥገናው ተመልሷል።

«ያን ዕለት ያነሳሽውን አሳጥበሽ ነይ» አሉኝ። «ካሜራሽንም ይዘሽ ነይ።» ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሩን ፀደንያ ከፈተችልኝ። አልተሳሳምንም። እማማ ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር በጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ በሦስት ሳምንት ግማሽ ሆነዋል። ፀደንያ ተከትላኝ ልትገባ ስትል፣ «አንቺ ውጪ» አሏት። ወጣች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

ፎቶውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው አንድ በአንድ ሄዱበት። «እሱ ያውቅ ነበር» አሉ ግዛቸው ላይ ሲደርሱ። «እሷም ታውቅ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር» አሉ ፀደንያና ጳውሎስ ላይ። የራሳቸው ፊት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አነሱ። ራሳቸውን ሲስቁ እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አንቺስ?»

ቀጥ ብለው ነው ያዩኝ። ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም። «አውቅ ነበር እማማ። ጋራዡ ውስጥ ነገሩኝ።»

«ስትደውዪስ?»

«አልደወልኩም። ስልኩን ዘግቼው ነበር።»

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮኹ በወደድኩ። ድምፃቸው ግን ከመጠን በላይ ቀስ ያለ ነበር። «ልጆቼስ ልጆቼ ናቸው፤ ፈርተው ነው። እሞትባቸዋለሁ ብለው ነው። አንቺ ግን ባዳ ነሽ። ባዳን ምን ያስፈራዋል? ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ አንቺን ነበር ያመንኩት። የማንም ወገን አይደለችም፣ የጠየቅኳትን ታደርጋለች ብዬ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ…»

«ላውቃችሁ ነው የመጣሁት ብለሽ በላሽ፣ ጠጣሽ፣ የሆዴን ሁሉ አጫወትኩሽ። ጸጋን አታግባ ማለቴን ከጳውሎስ እንኳ ደብቄ ላንቺ ነገርኩሽ። ይኸው አወቅሽን። አውቀሽን ምን አደረግሽ? ከነሱ ጋር አብረሽ ዋሸሽኝ። በልጄ ላይ አሳቅሽኝ!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀደንያን ስራገም፣ ግዛቸውን ስራገም፣ ሽማግሌ የተባለውን ሁሉ ስራገም ከረምኩ፤ ለካስ ራሴን ከጥፋቱ ለማውጣት ነው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተነሺ» አሉኝ በቁጣ። «ይቅርታሽን አልፈልገውም። ቃል ነው የገባሽልኝ። ደውዪ።»

«ለማን?»

«ለያፌት ቁጥር! ስልኩ ጸጋ እጅ ነው አሉኝ። እኔ ደፍሬ መደወል አልቻልኩም። አንቺ እደውላለሁ ብለሽ ምለሻል። ደውዪ!»

ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ነበር። በቪዲዮ ደወልኩ። ሁለቴ ጠራና ተነሣ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ የጎደጎደ ልጅ ስክሪኑ ላይ መጣች። ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው።

«ጸጋዬ።»

«ዛሬ ነው የደወሉልኝ እማማ?» አለች ልጅቷ። «ቀብሬው ከገባሁ ጀምሮ ስጠብቅዎት ነበር።»

«አፍሬ ነው ልጄ። አራት ዓመት ከለከልኩሽ። ከልክዬሽ ምንም ሳታገኚበት ቀረሽ።» ኮሪደሩ ላይ ፀደንያ ስታለቅስ ይሰማኛል። እማማ ወደ በሩ ዞር አላሉም። አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ስልኩን በቀኛቸው በኩል፣ ትከሻቸው አጠገብ ያዙት። «እዚህ ነው ቦታው» አሏት። «ወዲያ እዪ፤ ልታነሳን ነው።»

ካሜራውን አወጣሁ። ትኩረቱን ማስተካከል አቃተኝ፤ ደግሜ ሞከርኩ።

«ሳቁ እንዳትዪን» አሉኝ እማማ።

አላልኩም። ሁለቱም ቀጥ ብለው እኔን አዩኝ። አነሳኋቸው።